የሰባተኛው ፎቅ ጥላ

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በሬ ተንኳኳ። ኮዬ ፈጬ ሰባተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው በሩ በማለዳ ሲንኳኳ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ውሃ መጣ ሊሉት ነው፣ ወይ ውሃ ሊሄድ ነው። ከፈትኩ። ከፊት ለፊታችን ባለው ብሎክ ምድር ቤት፣ ሰዉ «ግራውንድ» በሚለው፣ የምትኖር ወጣት ሴት ናት። ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ታቅፋዋለች፤ ደረጃውን ሳታርፍ ነው መሰል የወጣችው፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከሰላምታ በቀር ተነጋግረን አናውቅም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች፤ «እርስዎ ጋ ፀሐይ ገብታለች አይደል?»

ገብታለች አልኳት።

«ልጁን ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው። እኛ ጋ እስክትደርስ አራት ሰዓት ያልፋል፤ እኔ ደግሞ ሦስት ተኩል ላይ ጉሊቴን መዘርጋት አለብኝ።»

ጎረቤት ከጎረቤት ጨው ይበደራል፤ ወንፊት ይዋሳል፤ ድሮ እሳት ይጭር ነበር። በስድሳ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ፀሐይ ልትዋስ የመጣች ጎረቤት ግን ገጥማኝ አታውቅም። «ግቢ ልጄ» ብዬ በምሥራቅ በኩል ወዳለችው ጠባብ በረንዳዬ ወሰድኳትና በርጩማ ሰጠኋት። ሕፃኑን ፈታች፤ ከትንሽ ብልቃጥ ቅቤ በጣቷ ቆንጥራ እግሩንና ጀርባውን እያሸች ፀሐይዋ ላይ አስተኛችው። ሁለቴ አነጠሰና ዝም አለ። በጤና ጣቢያም ፀሐይ አሙቂው ብለዋት ነበር። እናቶቻችን ያለ ሐኪም ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው፤ አጥንት እንዲጠነክር ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል፣ ያንን ደግሞ ቆዳ የሚሠራው ፀሐይ ሲያገኝ ነው። በመስኮት መስታወት አልፎ የሚገባው ብርሃን ለዚህ አይረባም፤ ለሥራው የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ስለዚህ ልጁ ውጭ መውጣት አለበት። ውጭው ደግሞ ጥላ ነው።

ሻይ ላፈላ ወጥ ቤት ገባሁ። የወጥ ቤቴ መስኮት የሚያየው ወደ ምዕራብ ነው፤ ወደ እሷ ቤት ማለት ነው። በዚያ መስኮት አጠገብ ቆሜ ስንትና ስንት ጧት ሻይ አፍልቻለሁ! ማየቱን ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው። ከፊት ለፊቱ ሕንፃ ላይኞቹ ሁለት ፎቆች ብቻ ያበራሉ፤ ከእነሱ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኖ ቀርቷል። በብርሃኑና በጥላው መካከል በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር አለ። ያ መስመር የኛ ጣራ ጠርዝ ነበር። እንግዳዬ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣ ልጇን ስታሞቅ፣ ቤቷ ወዲያ ታች በኔ ቤት ጥላ ውስጥ ተቀምጧል።

ሃያ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ጡረታ ቢወጣም አመሉ አይለቀውም። ከሰዓት በኋላ ወርጄ በሁለቱ ብሎኮች መካከል ያለውን ቦታ በእርምጃ ለካሁት፤ ሃያ ሁለት እርምጃ፣ 16 ሜትር ግድም። የኛ ሕንፃ ምድር ቤቱን ጨምሮ ስምንት ደርብ ነው፤ አንዱን ደርብ ሦስት ሜትር ብንለው 24 ሜትር ይሆናል። ኮዬ ፈጬ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ፀሐይ ወደ ደቡብ አብዝታ በምታዘነብልበት በታኅሣሥ 12 ሰሞን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ላይ የማንኛውም ነገር ጥላ የቁመቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል። የኛ ሕንፃ ጥላ ሜዳ ቢያገኝ 73 ሜትር ተዘርግቶ ይተኛ ነበር። ሜዳ ስለሌለ ሰው ግድግዳ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ጥላው ከግድግዳው ቀስ እያለ ይወርድና የልጅቱን ደጃፍ የሚለቀው አራት ሰዓት ከ18 ደቂቃ አካባቢ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደግሞ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ታልፍና የገዛ ሕንፃዋ ይጋርዳታል። ከቀኑ ሁሉ ሁለት ሰዓት ፀሐይ አላት ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሠራሁትን ስሌት ባልሠራው ይሻለኝ ነበር። የጥላን ጫፍ የሚሠራው የሕንፃው ጫፍ ነው። ሰባተኛው ፎቅ ባይኖርና ሕንፃው በስድስተኛው ቢያበቃ ኖሮ ፀሐይዋ ከልጅቱ ደጃፍ የምትደርሰው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። ልዩነቱ አሥራ ሦስት ደቂቃ ነው። ያ አሥራ ሦስት ደቂቃ የኔና የሰባተኛ ፎቅ ጎረቤቶቼ ነው። የሌሎቹ ፎቆች ጥላ ቀድሞ ይሰበሰባል፤ በመጨረሻ ደጃፏ ላይ የሚቆየው የኔ ሳሎን ነው።

ለመሆኑ ይህን ፎቅ የሠራሁት እኔ ነኝ? አይደለሁም። መርጬዋለሁ? አልመረጥኩትም። በ1997 ዓ.ም. ከተመዘገቡት አንዱ ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ጠበቅኩ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው 51,229 ቤቶች አንዱ ደረሰኝ። እሷም ምድር ቤቱን የገባችው በዕጣ ከደረሰው ሰው ተከራይታ ነው። ዕጣ ደግሞ የማንም እጅ የለበትም ይባላል። ዕጣው በወጣ ማግሥት በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፤ የሚጠራውም ስም ኮዬ ፈጬ ነበር። ከገበሬ በተወሰደ መሬት ላይ የተሠራው ቤት ለማን ነው የሚል ጥያቄ ነው። እኔ ያን ሰሞን ደስታዬን ታቅፌ ነበርና ጥያቄውን የሰማሁት የጎረቤት ጠብ በግድግዳ በኩል እንደሚሰማው ነው። ይሰማል፣ ግን ቃሉ አይለይም።

በአማርኛችን ጥላ መልካም ነገር ነው። አባት ለቤተሰቡ ጥላ ነው። ልጁን ጥላሁን ብሎ የሚሰይም አለ። ሞገስ የራቀውን ሰው ጥላ ቢስ እንለዋለን። ታቦት ሲወጣ ጥላ ይያዝለታል፤ ንጉሥም በጥላ ነበር የሚሄደው። (ጥላ ወጊ የሚባለውን መንፈስ ለጊዜው እንተወው።) «ጥላ ከለላ» ስንልም ሁለቱን እንደ መንትያ አንድ ላይ ነው የምንጠራቸው። እንዲህ ያለ ቋንቋ በምን ዓይነት ጥላ ሥር ተቀምጦ የተሠራ ይሆን? በዛፍ ጥላ ነው እንጂ! በዋርካ፣ በሾላ፣ በግራር ሥር። የዛፍ ጥላ በር የለውም። ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል፣ ኋላ የመጣ ጠጋ በሉልኝ ይላል። ዛፉ የሚያጠላበትና የሚከልለው ያንኑ አንድ ሰው ነው። ሕንፃ መንትዮቹን ለያያቸው። ከለላው ወደ ውስጥ ገባ፤ ቁልፍ አለው፣ ካርታ አለው፣ ባንክ መያዣ ያደርገዋል። ጥላው ውጭ ቀረ፤ ካርታ የለውም፣ የኔ ነው የሚል ባለቤትም የለውም፤ የሚወድቀውም ቁልፍ በሌለው ሰው ላይ ነው። ከአንድ ሕንፃ እኔ ከለላው ደረሰኝ፣ ልጅቱ ጥላው ደረሳት።

ያን ዕለት በእርምጃ ስለካ ያዩኝ የግቢያችን የሌሊት ዘበኛ ናቸው። እዚሁ አገር ሲያርሱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው የኦሮምኛ ዜማ አለው፣ ለሁሉም ሰው «አንተ» ነው የሚሉት፣ እኔም ደስ ይለኛል። ተራቸውን ከጨረሱ በኋላ ወንበራቸውን አንጠልጥለው ፀሐይ ፍለጋ ከብሎክ ብሎክ ሲዞሩ አያቸዋለሁ።

«ምን ትለካለህ?» አሉኝ።

«ጥላ፣ አባባ።»

ሳቁብኝ። «ጥላ በእርምጃ አይለካም። በጫማ ነው።» በልጅነታቸው የደብሩ ዲያቆን ሜዳ ላይ ቆሞ የገዛ ጥላውን በእግሩ እየሰፈረ የቅዳሴውን ሰዓት ሲያውቅ አይተዋል። እውነታቸውን ነው፤ በየወሩ የትኛው ሰዓት ስንት ጫማ ጥላ እንደሚሆን የሚያሳይ ሒሳብ ከድሮ ጀምሮ በግዕዝ መጻሕፍት ይገኛል። ሰው ሰዓቱን ከራሱ ላይ ያነብ ነበር። «አሁን እዚህ የት አግኝተህ ትሰፍራለህ?» አሉና እግራቸው ሥር ያለውን ድንጋይ ንጣፍ አሳዩኝ። ተመለከትኩ። በሕንፃው ጥላ ውስጥ ቆመን ስለነበር እሳቸውም ጥላ የላቸውም፣ እኔም የለኝም።

የኛ ብሎክ የቆመው አውድማቸው ላይ ነው። ወይም አውድማው አጠገብ፤ አሁን ለመለየት ያስቸግራል፣ ምልክቱ ሁሉ ጠፍቷል። እርሻቸው መሐል አንድ ግራር ነበር። ጤፉ ከሥሩ ይቀጭጫል፣ በየዓመቱ ይህን ያህል ቁና ያጎድላል፤ አባታቸውም አልቆረጡት፣ እሳቸውም አልቆረጡት። «ለምን እቆርጣለሁ? በቀትር በሬውም እኔም መንገደኛውም እዚያ ነው የምናርፈው» አሉኝ። ስለ መሬቱ ስጠይቃቸው መልሳቸው አጭር ነበር። «ከፍለውኛል። ካሬውን ቆጥረው።» ገንዘቡ የት ደረሰ ብዬ አልጠየቅኩም። በሰባ ዓመታቸው ሌሊት የሚያድሩበት ዱላና ካፖርት መልሱን ይናገራል።

ጥላ ምን ጉዳት አለው የሚል አይጠፋም። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ቢሆን ትክክል ነው፤ የሐረር ጁገል ጠባብ መንገዶች በቀትር የሚሰጡት ጥላ ጸጋ ነው። አዲስ አበባ ግን ደጋ ናት። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ነው፣ ሙቀት አያቅፍም። ፀሐይ ላይ ኮት ያስወለቀ ቀን ሁለት እርምጃ ወደ ጥላ ሲገቡ ጋቢ ያስፈልጋል። ከተማይቱ ራሷ ሙቀት ፍለጋ የተወለደች አይደለችም? እቴጌ ጣይቱ የእንጦጦን ብርድ ትተው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ቁልቁል ወደ ደቡብ ሲወርድ ኖሮ ይኸው አቃቂ ቃሊቲን ተሻግሮ ኮዬ ፈጬ ደረሰ።

ደግሞም የኛ አገር ጥላ አቅጣጫውን ይቀይራል። በሚያዝያ 5 አካባቢ ፀሐይ በቀትር በትክክል አናታችን ላይ ናት፤ ከዚያ እስከ ነሐሴ 23 ገደማ ወደ ሰሜን ታልፍና የቀትር ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። አብዛኛው የክረምት ወራት ስለሆነ ደመናው ያንን ዕዳችንን ይሸፍንልናል። በሰሜን በኩል ያለው ጎረቤት ግን ውርጩ በሚበረታበት በጋ ሙሉ ይከፍላል። በታኅሣሥ ቀትር ጥላው ወደ ሰሜን የሚሄደው የቁመቱን ሁለት ሦስተኛ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። መሐል ከተማ፣ ከብሔራዊ ቴአትር ብዙ ሳይርቅ፣ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ 209 ሜትር ነው፤ በዚያን ሰሞን ቀትር ላይ ከ130 ሜትር በላይ ያጠላል፣ ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ ሌላ ሕንፃ ካላቆመው ስሌቱ ከ600 ሜትር በላይ ይለዋል። በዚያ ጥላ ውስጥ ጧት ሳጥኑን አስቀምጦ ደንበኛ የሚጠብቅ ሊስትሮ ባንክ ቤት ደብተር ኖረው አልኖረው፣ ከባንኩ የሚደርሰው ይኸው ነው።

የፀሐይ ነገር ሲነሣ ፍልስፍና ያነበበ ሰው ዲዮጋንስን ያስታውሳል። ታላቁ እስክንድር አጠገቡ መጥቶ የፈለግከውን ለምነኝ ቢለው፣ ከፀሐዬ ላይ ዘወር በልልኝ አለው ይባላል። ሰው የሚያደንቀው የዲዮጋንስን ኩራት ነው። እኔ የማስበው ስለ እስክንድር ነው። ዓለምን የገዛው ሰው ቢያንስ እግር ነበረው፤ ዘወር በል ሲባል ዘወር ማለት ይችላል። ሕንፃ ዘወር አይልም። ስለዚህ ሕንፃን ዘወር በል ማለት የሚቻለው ከመቆሙ በፊት ነው፤ ይህንንም ያወቁ ከተሞች አሉ። በኒው ዮርክ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915፣ ኤኩዊተብል የሚባል 38 ፎቅ ሕንፃ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ቆመና ሠፈሩን አጨለመው፤ በዓመቱ በ1916 ከተማው ሕንፃ ሁሉ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ወደ ኋላ እንዲሸሽ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። በፊልም የምናያቸው የድሮ የኒው ዮርክ ፎቆች ደረጃ ደረጃ የሆኑት ለጌጥ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች ደግሞ ሃያ ዓመት ሳይቋረጥ በመስኮት የገባ ብርሃን መብት ይሆናል ብለው በ1832 በሕግ ጽፈዋል። ጃፓኖች በ1976 ከሁሉም ዝርዝር የሆነውን አወጡ፤ አዲስ ሕንፃ በዓመቱ ውስጥ ጥላ በጣም በሚረዝምበት ቀን ከጧት እስከ ማታ በጎረቤቱ ቦታ ላይ ስንት ሰዓት ማጥላት እንደሚፈቀድለት በቁጥር የሚወስን ነው።

የኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1225 ባለ ሀብት በሀብቱ ሲገለገል ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል፤ ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና መነቃነቅን በስም ይጠራል። ጥላሸትን ጠርቶ ጥላን ዘለለ! በሕግ አርቃቂዎቹ አልፈርድም። በዚያ ዘመን የአብዛኛው ሰው ቤት ምድር ላይ ነው፤ ጥላውም ከገዛ አጥሩ ብዙ አያልፍም፣ ቢያልፍም ጎረቤቱ ጓሮ ላይ ጎመኑን ነክቶ ይመለሳል። ጭስ ግን አጥር ያልፍ ነበር። ሕግ የሚጽፈው ያስነጠሰውን ነገር ነው።

ይህን ሁሉ ለአንድ የድሮ ባልደረባዬ አጫወትኩት። እሱም በ1997 አብሮኝ የተመዘገበ ነው፤ እስካሁን ዕጣ አልወጣለትም፣ ሳሪስ በኪራይ ይኖራል። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማኝና እንዲህ አለኝ። «አንተ ደቂቃ ትቆጥራለህ፣ እኔ ወር እቆጥራለሁ። ሰባተኛውን ፎቅ ብታነሣው የምታገኘው አሥራ ሦስት ደቂቃ ፀሐይ ነው፤ የምታጣው ግን ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሚኖረውን ቤተሰብ ሁሉ ነው። ፀሐይ የጠገበ ሰው ጠግቦ ነው የሚያወራው። መንገድ ላይ የሚያድር ሰው ፀሐይ አልጎደለበትም፣ ሞልቶታል!»

መልስ የለኝም። ሰባተኛው ፎቅ መሠራት ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ስምንተኛም ቢጨመር ባልደረባዬ ይገባበት ነበር። ቢሆንም ቤት ሄጄ አንድ ስሌት ጨመርኩ። በሁለቱ ብሎኮች መካከል ያለው ርቀት 16 ሜትር መሆኑ ቀርቶ እንደ ቁመታቸው 24 ሜትር ቢሆን፣ ፀሐይዋ ከልጅቱ ደጃፍ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳለች። አንድም ፎቅ አይነሣም፤ ሕፃኑም ጉሊቱ ሳይዘረጋ ትንሽ ይሞቃል። ደስ አለኝ፤ መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝ። ቆየት ብዬ ስምንቱ ሜትር ከየት እንደሚመጣ አሰብኩ። በየሁለቱ ብሎክ መካከል ስምንት ስምንት ሜትር ሲጨመር ሠፈሩ ይሰፋል፤ የሚሰፋውም ወደ ማሳ ነው። የሕፃኑ ፀሐይ ከሌላ ሽማግሌ አውድማ ተቆርጦ ነው የሚመጣው። ካሬው ይቆጠራል፣ ይከፈላል፣ አንድ ዘበኛ ይጨመራል። ከፍ ብንል ጥላው ይረዝማል፤ ብንዘረጋ ገበሬው ይነሣል፤ ከሁለቱ አንዱንም ባናደርግ ባልደረባዬ ሳሪስ ይቀራል። ሁሉንም የሚያስደስት ቁጥር ፈልጌ አጣሁ።

ይህ ሲሆን ግን ሁሉም ትክክል ስለሆነ ማንም ምንም የለበትም ወደሚለው ማምለጫ መሄድ አልፈልግም። ጥፋትና ዕዳ ሁለት ናቸው። ሕጋችንም ቢሆን ጥፋት ሳይኖር ኃላፊነት የሚመጣበት ቦታ እንዳለ ያውቃል። እኔ ልጅቱን አልበደልኳትም። ነገር ግን ከአንድ ሕንፃ ሁለታችን የደረሰንን ድርሻ ሳስተያይ ሒሳቡ አልተወራረደም። በዚያ ላይ አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። ያን ጧት ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት። ስትወጣም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ብላ መርቃኝ ሄደች፤ እኔም «ምን አደረግኩና ልጄ» አልኩ፣ እንደ ደግ ሰው። በሩን ዘግቼ ሻዬን ስጠጣ ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር። ከእሷ ደጃፍ ያገድኩትን ፀሐይ በረንዳዬ ላይ ቆንጥሬ ሰጥቼ ምርቃት ተቀበልኩ! ለጋስነት ከሚመስለን ነገር ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያለ ይሆን? የቤት ሠራተኛዋን አሮጌ ልብስ የምትሰጥ እመቤት፣ ለዘበኛው በበዓል ሥጋ የሚልክ ባለ ፎቅ... ልጥራ ብል ብዙ ነው፤ እኔም ለዘበኛችን ሥጋ ልኬ አውቃለሁ።

በሚቀጥለው ስትመጣ ነገሩን ነገርኳት። ወጥ ቤት አስገብቼ መስመሩን አሳየኋት፤ አሥራ ሦስቱን ደቂቃም ነገርኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ፣ ከዚያ ሳቀች። «ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ምን ያድርጉ? ሕንፃው ነው እኮ!» አለች። ሕንፃው ነው። ሽማግሌውም ሲያወሩ የወሰደባቸውን ሰው ስም አይጠሩም፤ «ኮንዶሚኒየሙ ሲመጣ» ነው የሚሉት፣ ዝናብ ሲመጣ እንደሚባለው። ሕንፃው ውስጥ ያለነው ሰዎች ግን ዝናብ አይደለንም፤ ስም አለን።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን ያህል ትመጣለች። ይቅርታ ማለቱን ትታለች። በሩን ሁለቴ መታ አድርጋ ትገባለች፣ በርጩማውን ራሷ ታወጣለች፤ እኔ ካልተነሣሁ ሻይ ትጥዳለች። ሽማግሌውም አንድ ቀን ጉልበታቸውን እየያዙ ወጡ። በረንዳው ላይ ቆመው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ ግራሩ የነበረበትን በጣታቸው አሳዩኝ፤ መኪና ማቆሚያ ነው። ወንበር ባቀርብላቸው ፀሐይዋን ጀርባቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ትናንት ደግሞ ልጅቱ ሕፃኑን ለእህቷ አሳቅፋ፣ አንድ ማዳበሪያ በርበሬ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች። በሰሌን ላይ አሰጣችው፤ በረንዳው ሞላ፣ እኔ ልብስ የማሰጣበት ቦታ ጠፋ። ቤቱ በሙሉ አስነጠሰን።

«ጋሼ፣ እስከ ረቡዕ ይቆይ ይሆን?» አለችኝ። «ደመና ካልመጣ ረቡዕ ይደርቃል።»